ሪኩዌስቱን ልቀበል ወይስ ልተወው?

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ሊንክድኢን ናቸው፤ የሙያ ሰዎች ሪኩዌስት (የእንገናኝ ጥያቄ) እየተላላኩ ስለሚገናኙበት ድረ ገጽ። ሦስቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈቼ፣ ከለገጣፎ እና ከቱሉ ዲምቱ። እኔም በገላንና በዱከም መስመር ባሉ ፋብሪካዎች ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት ሰው ስቀጥር ስለኖርኩ ነገሩ ቅርቤ ነው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌያለሁ። እዚያ ውስጥ ያለው ጭንቀት የብዙዎቻችሁ መሆኑን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? 26 ዓመቴ ነው። ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጁኒየር አካውንታንት ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈቼ ኮንዶሚኒየም፣ ከወንድሜ ቤተሰብ ጋር ነው። ከሰባት ወር በፊት የተሻለ ሥራ ባገኝ ብዬ ሊንክድኢን ከፈትኩ። አሁን 63 ሪኩዌስት ተጠራቅሞ ቁጭ ብሏል። የክፍል ኃላፊዬ አለበት። ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ የተማሩ አሉ። ጎረቤታችንም አለ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ ቂሊንጦ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ለኔ ሥራ ምን ያደርግልኛል? ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ንግድ) አስተምራለሁ የሚል አለ፣ ጭራሽ የማላውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ከዱባይ «ኤችአር ማኔጀር ነኝ» የምትል ሴትም አለች። ጓደኛዬ «ዝም ብለሽ ሁሉንም አክሰፕት አድርጊ፣ 500 ካልሞላ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም» ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ «የማታውቂውን ሰው ቤትሽ ታስገቢያለሽ?» ይለኛል። ኃላፊዬን ብቀበለው ሥራ እየፈለግኩ መሆኔን ያውቅብኛል፣ ባልቀበለው ደግሞ በየቀኑ ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። እውነቱን ለመናገር ሰውን ዝም ማለት ይከብደኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ከመጨረሻው ልጀምር። «ሰውን ዝም ማለት ይከብደኛል» ብለሻል። የያዘሽ ይሉኝታ ነው። መንገድ ላይ እጁን የዘረጋልሽን ሰው ሳትጨብጪ ማለፍ ነውር ነው፣ ሁላችንም እንደዛ ነው ያደግነው። ሊንክድኢን ላይ ግን ሪኩዌስቱን «ኢግኖር» ብትዪው ለላኪው የሚደርሰው ነገር የለም። እሱ ጋ መልስ እንዳልተሰጠው ሆኖ ይቀመጣል፣ ብዙው ሰው መላኩንም ይረሳዋል። ተቀብለሽው ከነበረ በኋላ ሐሳብሽን ቀይረሽ ብታስወጪውም አይነገረውም። ማንንም ፊት ነስተሽ አላሳፈርሽም። ይሄን አንዴ ካመንሽበት ግማሹ ሸክም ይወርድልሻል።

አሁን ጓደኛሽ ወደምትለው 500 ልምጣ። ፕሮፋይል ላይ የሰው ብዛት በቁጥር የሚታየው እስከ 500 ድረስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ «500+» ብሎ ይቆማል። 501 ያለውም 20,000 ያለውም እኩል ነው የሚታየው። ጣሪያው 30,000 ነው። ታዲያ ሰው ያቺን የመደመር ምልክት ሲያይ ትልቅ ነገር ትመስለዋለች። እኔ ሰው ስቀጥር በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ያንን ቁጥር አይቼ ያነሳሁት ሲቪ የለም፣ የጣልኩትም የለም። አካውንታንት ስፈልግ የማየው ሌላ ነው። የት ሠራች? የሂሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ትችላለች? የወር ታክሱን ራሷ አዘጋጅታ ታውቃለች ወይስ ሰው ሲያዘጋጅ ነው ያየችው? የማምነው ሰው ያውቃታል?

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ዋናዋ።

እዚህ አገር ካሸር ወይም ስቶር ኪፐር ሆነሽ ስትቀጠሪ ተያዥ አምጪ ትባያለሽ። ተያዥ የሚሆንሽ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ፣ ደመወዙን አሳይቶ፣ ፈርሞ ነው የሚይዝሽ። ሊንክድኢን ላይ አክሰፕት ስታደርጊ የፈረምሽው ነገር የለም፣ በሕግም አትጠየቂም። ከውጭ የሚያየው ሰው ግን እንደ ተያዥ ነው የሚያነበው። «እሷ ካወቀችው ደህና ሰው ነው» ይላል። ስምሽን አውሰሽዋል ማለት ነው፤ ብር ብታበድሪ ለማን እንዳበደርሽ ታስታውሻለሽ፣ ስም ግን አውሰሽ ትረሺዋለሽ።

ይሄን የተማርኩት በጥፋቴ ነው፣ ዋጋውን የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ግድም ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጬ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን፣ ስልኬን አወጣሁ። አንድ ሰው ሪኩዌስት ልኮልኛል። ዐረብ አገር ላለ ሆቴል ሠራተኛ እመለምላለሁ ይላል። ሱፍና ከረባት ለብሷል። ከፎቶው በታች ዘጠኝ የጋራ ሰው እንዳለን ይታያል። ዘጠኙን ከፍቼ አየኋቸው፣ ሁሉም የማከብራቸው የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። ተቀበልኩት። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ሰውየውንም ረሳሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ድሮ እኛ ጋ ስቶር ውስጥ ትሠራ የነበረች ልጅ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ያ ሰውዬ ስልኩ አይሠራም፣ ሌላ ቁጥሩን ያውቁታል?» አለችኝ። የቱ ሰውዬ ብላት «የእርስዎ ጓደኛ ነዋ! ሊንክድኢን ላይ እርስዎ ጋ አይቼው እኮ ነው ያመንኩት» አለች። ለቪዛ ፕሮሰስ ተብላ 18,000 ብር ልካለታለች። የእቁብ ብር ነው፣ ገና ዕጣው በወጣላት በሁለተኛው ቀን። ድምጿ እየቀጠነ ሲሄድ አሁንም ይሰማኛል፤ እሷ እያወራች ሳለ ነው ነገሩ የገባት፣ እኔም እየሰማሁ ሳለ ነው የገባኝ።

ስልኩን ዘግቼ ለዘጠኙ ሰዎች አንድ በአንድ ደወልኩ። አንዳቸውም አያውቁትም። አንደኛው ሁለተኛዋን አይቶ፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛውን አይታ፣ እኔ ደግሞ ዘጠኙንም አይቼ ተቀበልነው። ልጅቷ ያየችው አሥረኛው ስም የኔ ነበር። ግማሹን ብር ከኪሴ ሰጠኋት። ግማሹ ቀለጠ።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንድ ጥያቄ አበጀሁ፣ ላንቺም እሱኑ እሰጥሻለሁ። ሪኩዌስት የላከውን ሰው ስም እዪና «ሰው ስለዚህ ሰው ቢጠይቀኝ አንድ እውነተኛ ነገር መናገር እችላለሁ?» በዪ። ጎበዝ ነው፣ ታማኝ ነው ማለት አይጠበቅብሽም። «ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል» ይበቃል። «ኦዲት ሊሠሩ ሲመጡ ከእነሱ ጋር ነበረች» ይበቃል። «ሥልጠና ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፣ ስለ ተቀናሽ ታክስ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ» በጣም ይበቃል። የምትዪው ነገር ካጣሽ ግን ስምሽን አታውሺ።

በዚህ ዓይን 63ቱን እንያቸው።

አብረውሽ የተማሩትን ሁሉንም ተቀበዪ፣ የማትቀርቢያቸውንም ጭምር። ጎረቤትሽን ደግሞ ዛሬውኑ ተቀበዪው! «ምን ያደርግልኛል» ያልሽው ሰው ከዝርዝርሽ ውስጥ ምናልባት በጣም የሚጠቅምሽ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1973 ባወጣው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠቋሚያችሁን ምን ያህል ታገኙት ነበር ብሎ ጠየቃቸው። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ ነው አሉ። 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ በዓመት አንዴ ቢያገኙት ነው። በ2022 ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የሚረዳው ብዙም ያልቀረበ፣ ግን ጭራሽ ባዕድም ያልሆነ ሰው መሆኑን አሳይቷል።

እኛው ሰፈር ያለውን ብታስቢው ነገሩ ግልጽ ነው። አንቺ፣ ጓደኛሽና ሌሎቹ የቢሮ ልጆች የምትሰሙት ወሬ አንድ ነው፣ ማስታወቂያ የምታዩበት የቴሌግራም ቻናልም አንድ ነው። ጎረቤትሽ ግን የሚውለው ሌላ ግቢ ውስጥ ነው። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ተብሎ የተሠራ ነው፣ እነዚህ ፋብሪካዎች ደግሞ የመጋዘን ሂሳብና የኮስት ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። የፋይናንስ ክፍሉ ሰው ሲለቅ ቀድሞ የሚሰማው ማን ይመስልሻል? እዚያው ካፍቴሪያ ምሳ የሚበላ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ የሠራሽ አካውንታንት ነሽ። ደረጃ ላይ ስትገናኙ «ሪኩዌስትህን ተቀብያለሁ፣ እናንተ ጋ ሂሳብ ክፍል ቦታ ሲወጣ አስበኝ እሺ» ብትዪው ምንም ነውር የለበትም።

ኃላፊሽን ተቀበዪው። እዚህ ላይ ሌላ የሚሉ አሉ፣ የሥራ አለቃ እዚያ ምን ይሠራል ይላሉ። እኔ ግን በየቀኑ ፊት ለፊት ከምትቀመጪው ሰው መሸሽ ከሊንክድኢኑ የበለጠ ያስጠረጥራል ባይ ነኝ። ስለሱም ቢሆን የምትናገሪው እውነተኛ ነገር አለሽ። ግን ከመቀበልሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። ፎቶሽ ላይ ሥራ እፈልጋለሁ የሚለውን አረንጓዴ ክብ አድርገሽ ከሆነ አንሺው፣ በምትኩ ቀጣሪዎች ብቻ እንዲያዩት የሚለውን ምረጪ። የራስሽ መሥሪያ ቤት ቀጣሪዎች እንዳያዩት ሊንክድኢን የሚችለውን ያደርጋል፣ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ግን እንደማይሰጥ ራሱ ይናገራል፣ ስለዚህ ያንን አስበሽ ወስኚ። ሁለተኛ፣ ፕሮፋይልሽን ባስተካከልሽ ቁጥር ለሰው እንዳያሳውቅ የማሳወቂያውን ቁልፍ ዝጊው። እሁድ ማታ ሲቪሽን አሳምረሽ ሰኞ ጠዋት እሱ ስልክ ላይ እንዳይደወል።

ፎሬክስ አስተምራለሁ ለሚለው ጊዜ አናጥፋ። ተዪው።

የዱባይዋ ሴት ላይ ግን ቆም እንበል። ውጭ አገር ሥራ መፈለግ ኃጢአት አይደለም፣ እውነተኛ ቀጣሪም እዚያው ሊንክድኢን ላይ አለ። ግን ሰው ወደ ውጭ ለሥራ የሚልክ ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሪኩዌስቷን ከመቀበልሽ በፊት ፕሮፋይሏ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተሽ ስለ ፕሮፋይሉ የሚለውን ክፈቺ። መቼ እንደተከፈተ፣ ፎቶው መቼ እንደተቀየረ ይነግርሻል። «የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ» ብሎ ከሁለት ወር በፊት የተከፈተ ፕሮፋይል ካየሽ መልሱን አገኘሽ። እዚህ ድርጅት እሠራለሁ ማለቷንም እንደ ማስረጃ አትቁጠሪው፣ ማንም ሰው የፈለገውን ድርጅት መጻፍ ይችላል። ድርጅቱ ራሱ ድረ ገጹ ላይ ባሰፈረው ስልክ ተደውሎ ነው የሚጣራው፣ እሷ በሰጠችሽ ቁጥር አይደለም። የጋራ ሰው ካላችሁ ደግሞ ለአንዱ ደውዪና «ታውቂያታለሽ? በአካል?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ ያን ቀን ሰርቪስ ውስጥ ይቺን አንዲት ስልክ ብደውል ኖሮ የልጅቷ እቁብ አይቀልጥም ነበር።

ወሬው ወደ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ እንሂድ ከሆነ፣ የፓስፖርትና የፋይዳ መታወቂያ ፎቶ ላኪ ካለ፣ ለፕሮሰስ ትንሽ ብር ካለ፣ እዚያው ቁረጪው። ይሄን የምለው ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም። በየካቲት 2017 ከማይናማር የኦንላይን ማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደነዚያ ግቢዎች ከገቡት ብዙዎቹ የሄዱት ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ነው። የሰው ልጆች ናቸው፣ እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚችሉ፣ እንዳንቺ የተማሩ።

የቀሩት የማታውቂያቸው ሰዎች ናቸው። እነሱንም በጅምላ አትጣያቸው። ከሪኩዌስቱ ጋር ማስታወሻ ጽፎ የላከ ካለ ሳትቀበዪው መልስ መስጠት ትችያለሽ። «ሰላም፣ የት ተዋውቀን ይሆን?» በዪው። እውነተኛ ሰው ይመልሳል፤ «ዱከም ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ አንድ ዘርፍ ላይ ስለሆንን ነው» ይልሻል። ያኔ ስለሱ የምትናገሪው አንድ ነገር አገኘሽ። ሌላው ደግሞ ጽሑፉን ለማንበብ ብቻ የምትፈልጊው ሰው ሊኖር ይችላል፣ እሱን ፎሎው ማድረግ ይበቃል፣ ኮኔክት መሆን የለብሽም።

ወንድምሽ ቤት ስለማስገባት የተናገረውም እውነት አለው። የተቀበልሽው ሰው ያለ ክፍያ ቀጥታ መልእክት ይጽፍልሻል፣ ሴቲንግሽን ካላስተካከልሽው በቀር ኢሜይልሽንና የሰዎችሽን ዝርዝር ያያል። ስለዚህ 63ቱን ከማየትሽ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ግቢና ኢሜይልሽን ማን ያያል የሚለውን «እኔ ብቻ» አድርጊው፣ ዝርዝርሽን ሰው እንዲያይ የሚፈቅደውንም ዝጊው። አንድ ማታ ቡና እየተፈላ የምትጨርሺው ሥራ ነው። 63ቱ ወደ 30 ቢወርዱ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት ሰው ነኝ፣ ለገጣፎ ነው የምኖረው። ለ27 ዓመት በቴክኒክና ሙያ አስተምሬያለሁ። ልጄ ሊንክድኢን ከፈተችልኝ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ሪኩዌስት እየላኩ ደስ ብሎኝ ሁሉንም ተቀበልኩ። አሁን ችግር መጣ። አንዳንዶቹ የኔን ዝርዝር እያዩ ለማውቃቸው ኮንትራክተሮች «ጋሼ ናቸው የላኩኝ» እያሉ ይጽፋሉ። እኔ አልላክኋቸውም። የቅርብ ጓደኛዬ ልጅ ደግሞ ከአንድ መሐንዲስ ጋር አስተዋውቀኝ ብሎ በየቀኑ ይደውላል። ልጁን በሥራ አላውቀውም። እምቢ ብል ከአባቱ ጋር ልንቀያየም ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ተማሪዎችዎን መቀበልዎ ልክ ነው። ማን እንደ አስተማሪ ስለ ሰው እውነተኛ ነገር መናገር ይችላል? እሱን አይተዉት።

የዝርዝሩን ነገር ልጅዎ በሁለት ደቂቃ ታስተካክልልዎታለች። ሴቲንግ ውስጥ ግንኙነቶችዎን ሰው እንዲያይ የሚፈቅደውን ትዝጋው። የጋራ የሆኑትን ሰዎች አሁንም ያያሉ፣ እሱ አይጠፋም፣ ግን እንደ ስልክ ማውጫ ሙሉውን ማገላበጥ ይቀራል። ለኮንትራክተሮቹ ደግሞ አጭር መልእክት ይጻፉላቸው፤ «እኔ የምልከው ሰው ካለ ራሴ ደውዬ ነው የምነግርዎ» ይበሏቸው። ይቺ አንዲት መስመር ስምዎን ትመልስልዎታለች፣ በእውነት ለሚልኩት ልጅም ትጠቅመዋለች፣ ምክንያቱም የእርስዎ ስልክ ክብደት ይኖረዋል።

የጓደኛዎ ልጅ ነገር ይከብዳል፣ ይገባኛል። ከአባቱ ጋር የቆያችሁበት ዘመን አለ፣ አብራችሁ ቀብርም ሰርግም ሄዳችኋል። ግን ሪኩዌስት መቀበል አንድ ነገር ነው፣ ማስተዋወቅ ደግሞ ሌላ። ሲያስተዋውቁ በአፍዎ ነው ተያዥ የሚሆኑት። ስለዚህ እምቢም እሺም ከማለትዎ በፊት ልጁን ቤት ይጥሩት። የሠራውን ያሳይዎ፣ ፎቶ ይሁን ሥዕል ወይም የሠራበትን ቦታ ሰው ስልክ። እርስዎ 27 ዓመት የተማሪ እጅ ያዩ ሰው ነዎት፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል። ከዚያ መሐንዲሱን ቀድመው ይጠይቁት፤ «አንድ የጓደኛዬ ልጅ አለ፣ በሥራ አላውቀውም፣ ሥራዎቹን ግን አይቻለሁ፣ ላገናኛችሁ?» ይበሉት። «በሥራ አላውቀውም» የሚለውን እንዳይዘሉት። መሐንዲሱ እሺ ካለ የራሱ ውሳኔ ነው፣ አይሆንም ካለ ለአባትየው «ጠይቄለታለሁ፣ አልሆነም» ብለው እውነቱን ይናገራሉ። ልጁ መጥቶ ሥራውን ለማሳየት ካልፈለገ ደግሞ ጋሼ፣ ያኔ ለአባቱም መንገር አይከብድም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ኤሌክትሮሜካኒካል ተማሪ ነኝ። በሁለት ሌሊት ለ150 ማኔጀሮች ሪኩዌስት ላክሁ። አራት ሰው ተቀበለኝ፣ ከዚያ ሊንክድኢን ለአንድ ሳምንት መላክ ከለከለኝ። ሰው ለምን ይንቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የናቀህ የለም። አንድ ማኔጀር ስምህንና ፎቶህን ብቻ ነው ያየው፤ እሱም ከላይ ለእህትህ የነገርኳትን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ የሚለው አጥቷል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሲላክና ተቀባይ ሲያጣ ሊንክድኢን ይገድባል፣ አካውንትህን ለመጠበቅ ስትል ያንን አትድገመው።

መልስ ያላገኙትን ሪኩዌስቶች አንሳቸው። ላነሳኸው ሰው እንደገና ለመላክ እስከ ሦስት ሳምንት መጠበቅ አለብህ፣ እሱ ጊዜ ይጠቅምሃል። በነዚያ ሳምንታት ከታች ጀምር። ከዚሁ ግቢ ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ተመርቀው አሁን ሥራ ላይ ያሉትን ፈልግ፤ የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ የቀድሞ ተማሪዎች የሚለውን ብትነካ በሚሠሩበት ድርጅት ለይቶ ያሳይሃል። የዲፓርትመንትህ ልጆች ናቸው፣ ያንኑ ላብ ውስጥ ያደሩ፣ ያንኑ መምህር የፈሩ። ማኔጀሩ የማይመልሰውን እነሱ ይመልሳሉ። ኢንተርንሺፕ የወጣህበት ቦታ ያሉትን ቴክኒሻኖችም አትርሳ፣ አንተ ስትሠራ ያየህ ሰው እሱ ነው።

በቀን ሦስት ሰው ይበቃሃል። በነጻ አካውንት ከሪኩዌስት ጋር የሚላከው ማስታወሻ በወር ጥቂት ብቻ ስለሆነ፣ በአካል ለማያውቁህ አስቀምጠው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሰላምታ አታብዛ፣ ሥራ ስጠኝ ብለህም አትጀምር። ከየት እንደሆንክ፣ ለምን እሱን እንደመረጥክ፣ ምን አንድ ነገር ማወቅ እንደፈለግክ ብቻ ጻፍ። እንዲህ፦

«ሰላም፣ የዛው ዲፓርትመንት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የፓምፕ ሞተር ቁጥጥር ላይ ነው፣ አንተ አሁን በዚሁ ላይ እንደምትሠራ አየሁ። ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ የቸገረህ ምን ነበር?»